ከአልጋው በስተቀኝ

መጋቢት 9 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የቤቱን ሥራ ለመቆጣጠር ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ልጽፍበት ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ከአሥራ ስድስት ደቂቃ በላይ አልቆየሁም። ስመለስ ባለቤቴን አሰለፈችን ከመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የመጋረጃው ዘንግ ከነብሎኑ ተነቅሎ ጭኗ ላይ ወድቋል። አልተጎዳችም። ፀሐይ ፊቷ ላይ ስለመጣባት ልትዘጋው ተነስታ ነው። ከአልጋው እስከ መስኮቱ አራት እርምጃ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ጥር ስትሮክ ከመታት ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ተራምዳ አታውቅም።

«ለምን አልጠበቅሽኝም?» አልኳት።

ንግግሯ ተመልሶላታል፤ ቃሉ እስኪወጣላት ግን ይዘገያል። «እኔ…» አለች።

«ልዝጋው ብለሽ ነው፤ ገብቶኛል። ሁለተኛ እንዳታደርጊው።»

ድምፄን ከፍ ማድረግ አልነበረብኝም። ከዚያ ወዲያ ምሳ እስክንበላ አላናገረችኝም።

ከሰዓት ኤባ ደወለ። ኤባ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ጂኦሜትሪ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ለምንሠራው ቤት መብራት የሚዘረጋልን እሱ ነው። የሆነውን ስነግረው «ቲቸር፣ በሞተር የሚጠቀለል መጋረጃ አለ እኮ። እትዬ ተኝተው ስዊቹን መጫን ነው» አለኝ።

ወሰንኩ። በአዲሱ ቤት አሰለፈች መስኮቷን ማንንም ሳትጠብቅ ራሷ ትከፍታለች፣ ራሷ ትዘጋለች። የዚህን የገላን ኮንዶሚኒየም ቁልፍ ለገዢው የምናስረክበው ሰኔ 1 ነው። እስከዚያ ሌላው ቢጎድል ይህ አይጎድልም።


መጋቢት 12፣ ዓርብ

ኤባ ሳሪስ ወዳለ አንድ ሱቅ ወሰደኝ። ሻጩ ግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ ቁልፍ ነካ አደረገ፤ ከላይ የተጠቀለለው ጨርቅ መውረድ ጀመረ። እንዴት እንደወረደ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሰረዝኩት። ገንዳ ውስጥ ያለ ውሃ ቀስ እያለ ሲጎድል ያለውን ይመስላል፤ ጠርዙ ከወለሉ ጋር ትይዩ እንደሆነ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ወደ አንድ ጎን ሳያዘነብል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትይዩ መስመር ሳሰምር ኖሬ እንዲህ ያለ ትይዩ በእጄ ወጥቶልኝ አያውቅም።

«ሞተሩ የታለ?» ስለው «ቱቦው ውስጥ ነው አባቴ» አለኝ። ቱቦው ከእጄ አንጓ ብዙም አይወፍርም። የሚቆምበትን ቦታ አንድ ጊዜ ካስተማሩት አይረሳውም አለኝ። እንዲህ ያለ ተማሪ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

ሰባት ጊዜ አስወረድኩት፣ ሰባት ጊዜ አስወጣሁት። ኤባ «ቲቸር፣ ሰውየው ምሳ ሊወጣ ነው» ባይለኝ እቀጥል ነበር።

በባትሪ የሚሠራም አለ። እሱ ግን በየጥቂት ወሩ መሰላል ላይ ወጥቶ ባትሪውን የሚሞላ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ዛሬ እኔ ነኝ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። በሽቦ የሚሠራው ማንንም አይጠብቅም። ችግሩ ሽቦው ግድግዳው ሳይለሰን መቀበር አለበት፤ ልስኑ ደግሞ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተኩል ይጀመራል።


መጋቢት 15፣ ሰኞ

የጨርቅ ናሙና አመጣሁላት፤ ስድስት ዓይነት። የእኔ ምርጫ ግራጫው ነበር፤ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያሳልፍ ጀርባው ላይ በመቶኛ ተጽፎበታል። አሰለፈች ቁጥሩን አላየችም። ክር ፋብሪካ ሃያ ሰባት ዓመት ጨርቅ ስትፈትሽ የኖረች ሴት ናት። እያንዳንዱን በግራ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል እያደረገች ታሸዋለች፣ ትለቀዋለች። ግራጫውን ሁለት ጊዜ አሸችና አልጋው ጠርዝ ላይ ጣለችው። አምስተኛው ላይ ቆመች፤ የገለባ ቀለም ያለው ነው። ወደ መስኮቱ አንስታ በብርሃኑ አየችው።

ግራጫውን ኋላ ላይ በአጉሊ መነጽር ስመለከተው በአንድ በኩል ክሩ ሳስቷል። በጣቷ ብቻ እንዴት አወቀች? ፌኔት «እትዬን ገበያ ይዘናቸው መሄድ አለብን» ብላ ሳቀች። ፌኔት ከምድር ቤት ያሉት ጎረቤቶቻችን ልጅ ናት፤ ቀን ቀን እየመጣች ታግዘናለች።


መጋቢት 19፣ ዓርብ

የመኝታ ቤቱን ስዕል ጨረስኩ፤ አንድ ለሃያ። የአልጋው ራስጌ ደቡብ ግድግዳ ላይ፣ መስኮቱ በምሥራቅ፣ በሩ በምዕራብ። መሬቱ ወደ ምሥራቅ ስለሚያዘቀዝቅ አጥሩ አይጋርድም፤ መስኮቱንም ተኝታ ታይ ዘንድ ዝቅ አድርገን ከወለሉ ሃምሳ ሳንቲሜትር ላይ አስጀምረነዋል። ስዊቹ ከአልጋው በስተቀኝ፣ ከትራሱ አርባ ሁለት ሳንቲሜትር ርቀት ላይ። ክንዷን በሜትር ለክቼ ነው ያስቀመጥኩት።

ደረቷ ላይ ዘርግቼ አስረዳኋት። በደንብ ተከታተለችኝ። ከዚያ የግራ እጇን ጣት በስዕሉ ላይ አሻገረችና በአልጋው ሌላ ወገን አስቀመጠች። «እዚ…» አለች።

«እዚያ በሩ ነው» አልኳት። «አትሥጊ፣ ሲከፈት አልጋውን አይነካም፤ ሰማንያ ሳንቲሜትር ትቻለሁ።»

ወረቀቱን እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገችው። ፌኔት ምሳ ይዛ ስትገባ ቆማ አየች። «ጋሼ፣ እትዬ እኮ…»

«አንዴ ልጨርስ ልጄ» አልኳት።

አሰለፈች ዓይኗን ጨፈነች። ልቧ አርፎ እንደተኛች ገባኝ። ስዕሉን አጥፌ ለኤባ ወሰድኩለት።


መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ግድግዳው ዛሬ ተፈለፈለ። ኤባ በኖራ ያሰመረውን እየተከተለ ብሎኬቱን በስካርፔሎና በመዶሻ ሲከፍት፣ መስመሩ ከስዊቹ ቦታ ተነስቶ፣ ጣሪያው ሥር ሲደርስ ዞሮ፣ መስኮቱ አናት ላይ አለቀ። በዚያ ጉድጓድ ጥቁር ቱቦ ገባ፤ በቱቦው ውስጥ ኋላ አራት ሽቦ ይገባል። ቡናማው ሲያወጣ ጥቁሩ ያወርዳል፤ ሰማያዊው ይመልሳል፤ አረንጓዴና ቢጫው ወደ መሬት ነው። የአንዲት ሴት ፈቃድ በዚህ ቀጭን ነገር ውስጥ ሊሄድ ነው ብዬ አሰብኩና ቱቦውን በእጄ ዳሰስኩት። ገና ምንም አልነበረበትም።

ለሳኙ ቀጀላ ግድግዳውን ሊያይ መጥቶ «ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋስ?» አለኝ።

«ኢንቨርተር ይገባል።»

«ኢንቨርተሩ ሲጠፋስ?»

«አንተን እጠራለሁ።»

«እኔ ደግሞ ስልክ አላነሳም» አለና ሠራተኞቹን አሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጥሩ ባለሙያ ነው፤ ውሃ ልክ ሳይዝ ግድግዳውን በዓይኑ አይቶ ሦስት ሚሊሜትር ጎድሏል ይላል፤ እኔ ስለካው ሦስት ሚሊሜትር ሆኖ አገኘዋለሁ።


መጋቢት 29፣ ሰኞ

ነገ ልስን። ሽቦው ዛሬ ገባ። የስዊቹ ሳጥን ገባ። ከማዕዘኑ፣ ከወለሉ፣ ከመስኮቱ ጠርዝ ለካሁ። ሁለት ጊዜ። ዝናብ ጀምሯል፤ ባጃጅ አጣሁ። አሰለፈች መድኃኒቷን በሰዓቱ ወስዳለች፤ ፌኔት ናት የነገረችኝ። ስዕሉን እንደገና ላሳያት አስቤ ነበር። ደክሞኛል፤ እሷም ተኝታለች።


ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ልስኑ አለቀ። ግድግዳው እንደ ወተት ነው። ችግሩ የስዊቹ ሳጥን የለም። የቀጀላ ሰዎች ለስነውበታል።

ቀጀላ መዶሻ ይዞ እየዞረ ግድግዳውን ማንኳኳት ጀመረ። «ቆይ» አልኩትና ስዕሉን ዘረጋሁ። ከማዕዘኑ መቶ አርባ ስድስት፣ ከወለሉ ሰባ አንድ። በእርሳስ ነጥብ አደረግኩ። ኤባ ነጥቧ ላይ በስካርፔሎ ጫፍ ነካ ሲያደርጋት ልስኑ ፈረሰና የሳጥኑ መሃል ታየ፤ ልክ መሃሉ። ከዚያ ቀጀላ «ጋሼ፣ ከእርስዎ ደብቆ የሚያመልጥ ሰው የለም» አለ።

ልክ መሆን እንዴት ያለ ነገር ነው። የተሸፈነ ግድግዳ፣ ምንም ምልክት የሌለው፣ ቁጥሩ ግን ውስጡን ያየዋል። ቤት ስገባ ለአሰለፈች ነገርኳት። አየችኝና ራሷን ነቀነቀች፤ ትንሽ ፈገግ ያለችም መሰለኝ።


ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ፋሲካ በሰላም አለፈ። አሰለፈች በጥቂቱ በላች።

ዛሬ ደረጃው ላይ ሳለሁ ፌኔት በስልክ ስታወራ ሰማኋት፤ ከእናቷ ጋር መሰለኝ። «ኧረ ይሻላቸዋል። መናገር ይችላሉ እኮ። ጋሼ ናቸው የሚጨርሱላቸው።»

ተሸሽጎ ማዳመጥ ልማዴ አይደለም። ግን ነገሩ ትክክል አይደለም። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቄ መልስ ሳልጠብቅ ያለፍኩት ልጅ የለም። አንድ ጊዜ ለአንዲት ዓይናፋር ተማሪ ሰዓቴን እያየሁ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ጠብቄያለሁ፤ በመጨረሻ መለሰች፣ ትክክልም ነበረች። አሰለፈችን የማግዛት እንዳትደክም ነው። አርባ አንድ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ምን ልትል እንደሆነ ያውቃል።

ፌኔት ጥሩ ልጅ ናት። አልገሠጽኳትም።


ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

መጋረጃው ተሰቀለ። መብራት ስላልነበረ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባዶ ቤት ውስጥ ጠበቅን፤ ኢንቨርተሩ ገና አልገባም። ቀጀላ የለሰነውን እየዞረ «መጋረጃው ጦም ላይ ነው» ይላል።

መብራቱ ሲመጣ ኤባ «ይጫኑት ቲቸር» አለኝ። ወደ ላይ የሚለውን ተጫንኩ። ወደ ታች ወረደ። ኤባ አልደነገጠም፤ ሁለት ሽቦ አፈራረቀ፣ ቡናማውን በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቡናማው። እንደገና ተጫንኩ። ተነሳ።

ክፍሉ ጨለማ ነበር፤ በመጀመሪያ ወለሉ ላይ አንድ የብርሃን ክር ታየ። ክሩ ሰፋ፤ መቀነት ሆነ፤ ሴራሚኩን አልፎ ግድግዳው ላይ ወጣ። ነጩ ልስን ሲነካው ክፍሉ በሙሉ በራ። ሦስታችንም ቆመን ቀረን። ከቁልፏ ድምፅና ከራሴ ትንፋሽ በቀር የሰማሁት ነገር የለም። ቀጀላ «ወይ ጉድ፣ ልስኔ እንዲህ ያምራል እንዴ?» አለ።

አሰለፈችን ቶሎ ላሳያት።


ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ዛሬ አመጣናት። ኤባ፣ ቀጀላና ሁለት ሠራተኞች ከነወንበሯ ከሦስተኛ ፎቅ አወረዷት። አልጋው አስቀድሞ ገብቷል። ደግፈን አስተኛናት፤ ትራሷን አስተካከልኩላት። ሁሉም ሊያይ ተሰበሰበ።

«በይ ተጫኚው» አልኳት።

ስዊቹን አየችው። እኔን አየችኝ። ቀኝ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ኤባ ጣሪያውን መመልከት ጀመረ። ከዚያ ግራ እጇን በደረቷ ላይ አሻግራ ወደ ቀኝ ሰደደችው። ትከሻዋ ከትራሱ ትንሽ ተነሳ፤ ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ጣቷ ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀረው። እጇ ወደቀ።

«አልጋውን በቦታው አላስቀመጣችሁትም» አልኳቸው። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። አርባ ሁለት። በትክክል አርባ ሁለት ነው። ሌላውን ጎንም ለካሁ።

«ጋሼ» አለች ፌኔት ቀስ ብላ፤ «ቀኝ እጃቸው እኮ አይሠራም።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ማንም አልሳቀም፤ ቀጀላ እንኳ። አሰለፈች ሜትሩን ከእጄ ወሰደችና አልጋው ላይ፣ ከጎኗ አስቀመጠችው። መጋረጃውን እኔ ከፍቼላት እዚያው ተኝታ ትንሽ ቆየች። ከዚያ መለስናት።


ግንቦት 10፣ እሑድ

አሥራ ስድስት ወር ሙሉ ያንን እጅ ጠዋትና ማታ በዘይት የማሸው እኔ ነኝ።

መጋቢት 19 የጻፍኩትን አነበብኩ። «እዚ…» ያለችውን። ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ያደረገችውን። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ የተማሪ ደብተር ቢሆን በቀይ አሰምርበት ነበር።

የሣልኳት ሴት እቤቴ ያለችው አይደለችም። የሣልኳት በቀኝ እጇ የምትጽፈዋን ነው።


ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ኤባ መጣ። ሦስት ሐሳብ አቀረበ። አንደኛ፣ አልጋውን አዙሮ ራስጌውን ወደ ሰሜን ማድረግ፤ ያኔ ስዊቹን ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ሳናዛውር አይደረስበትም፣ እሱም ያው መስበር ነው፤ ተንቀሳቃሽ ስዊች በገመድ መሳብ ይቻል ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሞተሩን በሪሞት በሚሠራ መቀየር፤ እሱ ታዝዞ እስኪመጣ ሁለት ወር። ሦስተኛ፣ የተለሰነውን ግድግዳ ሰብሮ ስዊቹን ወደ ግራ ማዛወር።

እኔ የሪሞቱን መርጬ ነበር። «ሪሞቱን እንበል» ልለው ስል ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ወደ አልጋው ዞርኩ።

«አሰለፈች፣ የቱን ትፈልጊያለሽ?» አልኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። መልሱን የማውቀው መሰለኝ፤ ሦስት ጊዜ ያህል መሰለኝ፤ ሦስቱም የተለያየ ነበር። ሰዓቴን አየሁ። ሃያ ሴኮንድ። ፌኔት ማንኪያውን እንደያዘች ቆመች። ሠላሳ። አርባ ሦስተኛው ላይ ወጣ።

«ስ… በረው።»

ኤባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቀ ነው። አሰለፈችም ሳቀች። ከባለፈው ዓመት ጥር ወዲህ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር። ከልብ ነው፤ ከጉሮሮዋ የወጣ፣ የጥንቱ ሳቋ።

አርባ ሦስት ሴኮንድ ብቻ ነበር የሚፈጀው።


ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ቀጀላ ከልስኑ ፊት ቆሞ ራሱን አከከ። «ጋሼ፣ የገዛ ልስኔን ስሰብር የመጀመሪያዬ ነው። እርስዎ ቢያዝዙኝ እምቢ እል ነበር። እትዬ አዘዙ አሉኝ።»

«እሷው ናት።»

«በቃ» አለና መዶሻውን አነሳ።

አዲሱን ቦታ ከመለካታችን በፊት ገላን ሄጄ ጠየቅኋት። ቁመቱን አሳይታኛለች፤ ክንዷን አንስታ፣ ጣቷን አየር ላይ አስቁማ። እኔ ከምሰጠው በአሥር ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ ወደ ትራሱም ይጠጋል። ለምን ብዬ ሳልከራከር ጻፍኩት። ዛሬ አልጋው ላይ ተኝቼ፣ ቀኝ እጄን ከጀርባዬ ሥር አድርጌ ሞከርኩት። ልክ ናት። ክንድ ሳይነሳ፣ ክርን ብቻ ታጥፎ ይደርሳል። እኔ ባሰላሁት ቁመት ቢሆን በየቀኑ ትከሻዋ ይደክም ነበር።


ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ገባን። ካርቶን ሁሉ ሳሎን ነው። ኢንቨርተሩ ይሠራል። የአሰለፈች ስዊች ተገጥሟል፤ ሦስት ቁልፍ ነው፣ ማውጫ፣ ማቆሚያ፣ ማውረጃ። ቀለሙ ስላልደረቀ ዛሬ እንዳትነካው ኤባ ነገረን። ነገ ጠዋት።

መጋረጃው በየወሩ በስንት ሰዓት ተከፍቶ በስንት ሰዓት ቢዘጋ እንደሚሻል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሠርቼ ነበር፤ ልለጥፍላት። አንድ ጊዜ አነበብኩትና ቀደድኩት።


ግንቦት 29፣ ዓርብ

አንድ ሰዓት ተኩል። አልጋው አጠገብ ቆሜያለሁ፤ አልተናገርኩም። አሰለፈች ነቅታለች። ግራ እጇ ከብርድ ልብሱ ወጣ፤ ክርኗ ታጠፈ፤ ጣቷ ቁልፉ ላይ አረፈ። እንደ ሚያዝያው ቀን የብርሃኑ ክር ወለሉ ላይ ወጣና መስፋት ጀመረ።

ሁለት ስንዝር ያህል ሲነሳ መሃለኛውን ተጫነች። ቆመ።

እስከ ላይ እንዲሄድ ነበር የጠበቅኩት። «ይቀጥል» ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ጠበቅኩ።

«ና…» አለች። ዓይኗ ከጎኗ ያለው ትራስ ላይ ነው። «ተ… ኛ።»

ጫማዬን አውልቄ ዞርኩና በቀኟ በኩል ተጋደምኩ፤ ራሴን ከራሷ እኩል አደረግኩ። ያ መስኮት የእኔ ይመስለኝ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ለክቼዋለሁ። ግን ቆሜ ነው የለካሁት። ቆመው ሲያዩት ሰማይና የጎረቤት ውሃ ጋን ነው። ከዚህ ትራስ ላይ፣ ከላይ ያለው ተሸፍኖ፣ ጋኑም የለም፣ ዓይን የሚያጥበረብረው ፀሐይም የለም። ያለው የረር ነው። ተራራው በሙሉ አይታይም፤ ትከሻው ብቻ፣ በዚያ ጠባብ መቀነት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተኝቷል። ደመና ሥሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይሄዳል። ፀሐዩ በእኛ ፊት ላይ ሳይሆን እሱ ላይ ነው። ይህንን ግንቦት 9 ቀን፣ እኔ መጋረጃውን ስከፍትላት፣ እሷ አልጋው ላይ ሆና አይታ ለይታዋለች ማለት ነው። ዛሬ ጣቷ የት እንደሚያቆም ያውቅ ነበር።

ምን ያህል ጊዜ እንደተኛን አላውቅም፤ ሰዓቴን አላየሁም። ቀኝ እጇ በመሃላችን ነው፤ ይዤዋለሁ። ልነግራት የፈለግኩት ነገር ነበር፤ እንዴት እንደሚጀመር ሳስብ ቁልፏ ቀጭ አለች።

መጋረጃው ወረደ። እኔ ገና እያየሁ ነበር።